የባልና ሚስትን ሳቅ በቀይ እስክሪብቶ ስለ መሰረዝ

ለተከበሩ የትርጉም ሰነዶች ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ወንበርዎን እንደ ሞቀ፣ ማኅተምዎንም ቀለም እንደ ጠገበ ያገኛቸው ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ እየተረጎምኩ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሦስተኛ ፎቅ ላይ በርዎ ሥር ወረፋ ስጠብቅ የኖርኩ፣ ምናልባትም ከግድግዳው የማይለዩኝ ሴት ነኝ። ጉዳዬን ፊት ለፊት ላስረዳዎ አራት ጊዜ ብመጣም አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በአደባባይ ለመጻፍ መገደዴን በትልቅነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ባሏ መጥቶ አብሯት እንዲኖር ለቤተሰብ ጉዳይ ቢሮ አመለከተች። ባልየው ባሕር ማዶ ወደብ ላይ ክሬን የሚጠግን መካኒክ ነው። የተዋወቁትም እሷ ለሥራ እዚያ ሳለች ሲሆን፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ስለማያውቅ መግባቢያቸው ከሹፌሮችና ከወጥ ቤት ሠራተኞች አፍ የለቀሙት የመንገድ እንግሊዝኛ ሆነ። በእሱው ተፋቀሩ፣ ተጋቡ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ የሆነው ቢሮ ጋብቻቸው የእውነት መሆኑን የሚያሳይ የስልክ መልእክት በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ይቅረብ ስላለ፣ አርባ አንድ ገጽ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

የመንገድ እንግሊዝኛን ፈረንሳይኛ ማልበስ ምን ያህል እንደሚያደክም ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሆኖም ሚስት ባሏን የምትጠራበት አንድ ቃል አለ፤ በየቤቱ «አንተ ጅላጅል» እንደሚባለው፣ ላዩ ስድብ ውስጡ ፍቅር የሆነ። በእሱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀሁ። በወጣትነቴ የማውቀው የፈረንሳይኛ አቻው ዛሬ የጡረተኞች ቃል ሆኗል፤ አሁን ወጣቶቹ የሚሉት እስከ ዓመት መቆየቱን እንጃ፤ ሦስተኛው የለየለት ስድብ ነው። የእህቴን ልጅ ባማክራት «አክስቴ፣ እባክሽ አንቺ እንኳ አትበይው» ብላ ሳቀችብኝ። በመጨረሻ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ባሎቻቸውን ሲያሙ ጆሮዬን ጥዬ ትክክለኛውን ቃል አገኘሁት፤ መውረጃዬንም ሦስት ፌርማታ አለፍኩት።

ማኅተም ከመደረጉ በፊት ትርጉምን ሁሉ ለሚመረምሩት ለክፍልዎ አራሚ ያስረከብኩት ይህንን ሥራ ነው። ስለተደረገልኝ እርማት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አራሚዎ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ፣ ዋናውን ጽሑፍ በግንባሩ ደፍተው የሻይ ፔርሙዛቸውን አስቀመጡበት። ከዋናው ጋር ባለማመሳከር ያሳዩትን ፍጹም ገለልተኝነት ሳላደንቅ አላልፍም።

፪. «ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚገባ ሰነድ ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ይጻፍ» የሚለውን መመሪያዎን ተከትለው አንተና አንቺን በሙሉ እርስዎ አደረጉልን። ሚስት «አንተ ጅላጅል፣ ናፍቀኸኛል፤ ዛሬም ካልደወልክ ያንን ወንበርህን አውጥቼ እሸጠዋለሁ» ያለችው፣ በእርማቱ «ክቡር ሆይ፣ አለመገኘትዎ የሚያሳዝን መሆኑን እየገለጽኩ፣ በዛሬው ዕለት ካልደወሉ ወንበሩ ለሽያጭ እንደሚቀርብ አሳውቃለሁ» ሆኖ ወጣ። እኔ ካነበብኳቸው የሐራጅ ማስታወቂያዎች ሁሉ ትሕትና የሞላበት ይህ ነው።

፫. ሁለቱ በእንግሊዝኛ ሲሳሳቁ የሚጽፏቸውን አጫጭር ፊደላት፣ ፈረንሳዮች በስልክ ሲስቁ በሚጽፏቸው ሦስት ፊደላት ተክቼ ነበር። አራሚዎ የመተየቢያ ስህተት ነው ብለው ሰረዟቸው። ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ስልሳ ሦስት ጊዜ ስቀው ነበር፣ አንዱም አልተረፈም።

፬. ገጽ ሃያ ሰባት፣ ማለትም የተጣሉበትና ሲነጋ የታረቁበት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር አይመጥንም ተብሎ ጨርሶ ወጥቷል።

ኩላለሁ ብሎ ዐይን ማጥፋት የሚባለው ይኸው ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ቢሮ የተላከለትን አንብቦ ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ። ውሳኔው «በተጋቢዎቹ መካከል መቀራረብ ቀርቶ ጠብ እንኳ አይታይም፤ የሚነጋገሩት እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነው» ይላል። በሰጧቸው ወረቀት ከፈረድን ውሳኔው ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እነዚያን ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አላሳድራቸውም።

እዚህ ላይ ራሴንም ሳላማ ብቀር ግብዝነት ይሆናል። የታረመው ላይ ካልፈረምሽ ማኅተም የለም ሲሉኝ ፈረምኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመድኩትን ወረፋ እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ለፀጉር ሠሪዋ ስሰጣት ፈረንሳይኛውን ስለማታነብ ሁለት እጇን ዘርግታ አመሰገነችኝ። ያን ቀን እንዳፈርኩ በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

የይግባኙ ጊዜ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ካለፈ ሚስቲቱ እንደገና ማመልከት የምትችለው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ልመናዬ አጭር ነው፤ የመጀመሪያው ትርጉሜ፣ ከነጅላጅሉ፣ ከነሳቁና ከነጠቡ፣ ቀይ እስክሪብቶ ሳይነካው ማኅተም ይደረግበት። ጨዋነት የጎደለው ነው የሚባል ከሆነ ነውሩ በእኔ ስም ይመዝገብ።

የቋንቋን ክብር ከተናጋሪዎቹ ለማዳን ያለ ዕረፍት ለሚደክሙት ለእርስዎና ለአራሚዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ነገም በሁለት ሰዓት ከበርዎ ፊት ለመቆም ዝግጁ የሆንኩ፣

ታዛዥዎ ተርጓሚ

ማሳሰቢያ፦ ባልና ሚስቱ ከእንግዲህ የሚጻጻፉት ሁሉ ቢሮ ገብቶ እንደሚመረመር ስለገባቸው መጠንቀቅ ጀምረዋል። ትናንት ባል ለሚስቱ የላከላት መልእክት «ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እርስዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል ብቻ ነው። አንብባ ስልኩን ደፍታ ስታለቅስ አየኋት። እንኳን ደስ አለዎት፤ ይህኛው ምንም እርማት አያስፈልገውም።