ቄራውም ይጾማል

ውድ እንዳላማው፣

እንዴት ሰነበትክ? ዛሬ የደብረ ዘይት ማግሥት ነው፤ ቢሮ የገባሁት ማንም ሳይመጣ ነው። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ወርዶ ከተማችንን ከነቆርቆሮዋ ውጧታል፤ የሚታየኝ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጧት ሕልሜን ከውኔ መለየት ይቸግረኛል። «ባሕር ዳር ነይና እንጋባ፤ እዚያ የቀረሽ ምን አለ?» ካልከኝ ወዲህ ስንት መልስ በልቤ ጽፌ ሰረዝኩ። ዛሬ እመልስልሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ስማኝ።

የቄራው ጉድጓድ ተሠራ። አዎ፣ ያ ስትስለው የምስቅብህ! የከብቱ ፈርስ ወንዝ መውረዱ ቀርቶ እዚያ ገብቶ ይብላላል፤ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ እነ እትዬ ጥላነሽ ማብሰያ ቤት ይሄዳል። እትዬ ጥላነሽ ለተማሪዎች ሽሮ ሲሸጡ የሚያነዱት ከምንጩ በላይ ካለው ኮረብታ የሚቆርጡትን እንጨት እንደነበር ታውቃለህ። ኮረብታው ሲራቆት ምንጩ ቀጠነ፤ የቀረውንም የቄራው ቆሻሻ አበላሸው። አንተ ለውሃ፣ እኔ ለኃይል፣ አንዱ ለቆሻሻ፣ አንዷ ለአየር ንብረት፣ በአንድ ኮሪደር አራት በር ዘግተን የየራሳችንን ዕቅድ እንጽፍ ነበር። ታክቶህ ሄድክ፤ አልፈርድብህም። በሮቹ የተከፈቱት አንተ ከሄድክ በኋላ መሆኑ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

እሳቱ የተለኮሰ ቀን እትዬ ጥላነሽ አማተቡ። «ጭስ የሌለው እሳት እኮ አይቼ አላውቅ!» አሉና እጃቸውን አስጠግተው ሲሞቃቸው ሳቁ። በማግሥቱ መጥረቢያቸውን ለጎረቤት ሰጡ። እኔም ያን ሰሞን መሬት አልረግጥም ነበር፤ በሕልሜ ምንጩ ሽቅብ ወደ ጮቄ ተራራ ሲፈስ አይ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እስቲ አስበው! የቀረነው ሦስት ባለሙያ፣ ሦስታችንም ጿሚ፣ ስለ ጉድጓዱ ጥልቀትና ስለ ቧንቧው ውፍረት ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ቄራው በጾም እንደሚዘጋ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ። ከቅበላ ማግሥት ቢላዋው ተሰቀለ፤ ጉድጓዱ የሚበላው አጣ፤ ሽሮ ፈላጊ በበዛበት ሰሞን እሳቱ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ቄራው እንኳ ከእናንተ ይልቅ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል» ብለው ሳቁብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

እትዬ ጥላነሽ ግን አልሳቁም። ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ «ፍቅርአዲስ፣ እኔስ ምን ላርግ? መጥረቢያዬን ልቀበል?» አሉኝ። ኮረብታው ላይ የተተከሉት ችግኞች ገና ከጉልበት አይበልጡም። «እስከ ሰንበት ይታገሡኝ» አልኳቸው። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስሄድ የጠላ ቤቷን ሥራነሽን የተረፋትን አተላ ቦይ ውስጥ ልትደፋ ስትል አየኋት። «አትድፊው!» ብዬ ስጮህ ያበድኩ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ በየደጁ እየዞርኩ እበት ለመንኩ። «ኩበቴን ሰጥቼ ምን ላንድ?» ይሉኛል፤ እኔም ጉድጓዱ እሳቱንም ይሰጣል፣ ማዳበሪያውንም ለማሳችሁ ይመልሳል እላለሁ። የቆሻሻ ጋሪው አተላና የድንች ልጣጭ ሰበሰበ፤ የውሃ ቦቴው መጣ፤ የችግኝ ሠራተኞቹ እበት ተሸከሙ። ጉድጓዱ ግን ቶሎ አልታዘዘም። ሰንበት አለፈ። እትዬ ጥላነሽ መጥረቢያውን ተቀብለው ደጃቸው ላይ አስደግፈውት አየሁ።

ባለፈው ዓርብ እሳቱ ተመለሰ። ቀጭን ነው፤ ሽሮ ግን ያፈላል። እትዬ ጥላነሽ ድስታቸውን ጣዱ፤ እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። አጠገቤ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ። በጣም ናፍቀኸኛል፣ እንዳላማው።

ለመጪው ዓመት ለአራቱም ክፍሎች አንድ ዕቅድ ጽፈናል፤ አጽዋማቱም ገብተውበታል። የውሃው ወንበር ላይ ግን እስካሁን ሰው አልተመደበም።

መልሴ ይኸው፦ አዎ፣ አገባሃለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌዎችህን ሉማሜ፣ አባቴ ቤት ላካቸው። አባቴ «ልጄን ወዴት ልትወስዷት ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «የትም አንወስዳትም፤ የሚመለሰው ልጃችን ነው» ይበሉት።

የምትወድህ፣
ፍቅርአዲስ ቢያዝን