ያልሠሩት መልሶች

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ እጄ ዛሬም ክሩን በአንድ ሙከራ መርፌ ውስጥ ያስገባል። ስልክ ስናወራ ወይ አንቺ ትቸኩያለሽ ወይ እኔ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ ሱቁን ዘግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

በኩባንያችሁና በእኛ መካከል የሆነውን በአንቺ በኩል ታውቂዋለሽ። በእኔ በኩል ያለውን ግን አልሰማሽም።

እኛ የስፌት መኪና ጠጋኞች በምንጠያየቅበት በኩባንያችሁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ያለን ሕግ አንድ ነው። ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው ሞክሮ ይመለስና «ሠራልኝ» ወይም «አልሠራልኝም» ብሎ ይጽፋል። አስራ አንድ ዓመት ያለ ክፍያ የጠበቅኩት ይህንን ነው። ሳይመለስ የቀረውን ሁሉ «የት ደረስክ?» እያልኩ ስጨቀጭቅ ነው «መርፌ» ብለው ስም ያወጡልኝ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችሁ መጣና «አልሠራልኝም» የሚሉትን መልሶች በሙሉ ደበቃቸው። አዲስ ሰው ያሸሻሉ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተር ሲንጫጫ ዘይት ጠብ አድርጉበት ብዬ መክሬ ነበር። ለአሮጌዎቹ መኪኖች ልክ ነው፤ አዲሶቹን ግን ያቃጥላል። ያን ጊዜ ሦስት ሰዎች ተመልሰው «አልሠራልኝም» ስላሉ ስንቱ ዳነ። እነሱ ሲደበቁ የቀረው የእኔ ምክር ብቻ ሆነ። አንዲት ልብስ ሰፊ አይታው ያላትን አንድ መኪና አቃጠለች። «መርፌ ካለች ብዬ አመንኩ» ብላ ጻፈችልኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሱቄ አንድ መኪና ላክሁላት፤ ንዴቴን ግን ለኩባንያው አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ ለምነን ጻፍን፤ የሚሰማ ጠፋ። ከዚያ ጢሞ የምንለው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ «ሠራልኝ፤ ጭስ እስኪያወጣ ድረስ ሠራልኝ» ብሎ ለጠፈ። ሌላው ተከተለው። መኪናው የቆመበት ሁሉ «ሠራልኝ» እያለ መከራውን ዘረዘረ። በዘጠኝ ቀን ገጹ አመድ በአመድ ሆነ። ሳቅን ብልሽ አታምኚኝም። አርባ ሰው አገዱ፤ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። የቀሩትም አደሙ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ጥያቄ መልስ የሰጠ የለም።

ያን ሰሞን ነው የደወልሽው። «እማዬ፣ እባክሽ ትንሽ ታገሺ፤ እኔም ከውስጥ እየሞከርኩ ነው» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «ለደመወዝሽ ብለሽ ነው እናትሽን ዝም የምታሰኚው?» ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለ። የሚያውቀኝ መርፌ በሚለው ስም ብቻ ነው። የተደበቁትን መልሰናል፣ ተመለሱልን አለ። ደረቴን ነፍቼ «አያችሁ፣ ጩኸታችን ሠራ» አልኩት።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ጩኸት ለምደናል» አለኝ። «አንዲት ሠራተኛችን የተቃጠለ ሞተር ይዛ ስብሰባ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ፈታታችውና ዘይቱ የት እንደገባ አሳየችን። ብሎኖቹን በፈታችበት ተራ ወረቀት ላይ ትደረድራለች። ተቀመጪ ብንላት እምቢ አለች።»

«አሁን የት ናት?» አልኩት።

«ከእኛ ጋር የለችም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብሎን በተራ መደርደርን ማን እንዳስተማረሽ እኔ አጣዋለሁ? በዘጠኝ ዓመትሽ አንዱን ብታጠፊብኝ ቀኑን ሙሉ ወለል ያስጠረግኩሽ እኔ አይደለሁም? እሑድ በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት ግን «ሥራ በዝቶብኛል» ብለሻል። ይሁን፣ እንዳልሰማሁ ልሁንልሽ።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ይህን ተረት አልፈልገውም። ስልክ ላይ የተናገርኩሽ ይጥፋልኝ፤ የወለድኩት ይኑርልኝ። ይቅር በይኝ ልጄ። በዕድሜዬ ብዙ መኪና አስነስቻለሁ፤ እንደ ሐሙስ ግን ኮርቼ አላውቅም። ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ ሱቁም ሁለተኛ ሰው ያሠራል። ብትመጪ ደስታዬ ነው፣ ባትመጪም አልቀየምሽም።

አንድ ነገር ብቻ ፍቀጂልኝ። ለሰውየው «ልጄ ናት» ልለው አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት፤ እንዳልጎዳሽ ፈርቼ። ሰውየው ያለውን ግን ለገጹ ማኅበርተኞች ነግሬያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጢሞም ሌላውም «ያቺ ልጅ የማን ናት?» እያሉ ይጠይቁኛል። ልንገራቸው?

እጅሽ የነካው ይቃናልሽ፤ ያንኳኳሽው በር ሁሉ ይከፈትልሽ።

መልስሽን የምትጠብቅ፣
እናትሽ