ከዘር በኋላ

ለልጄ ለዳርካ፣ ባለሽበት በስኮትላንድ እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ፤ ደግ ሰው አያሳጣሽ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ሳስካችዋን በረዶው ዘንድሮ ቆይቶ ነው የቀለጠው።

ስንዴውን ዘርቻለሁ። ጎረቤታችን ቶርቫልድ፣ «ኦሪሲያ፣ ይሄን የሙዚየም ዕቃ ተይው፤ በእኔ ማሽን በግማሽ ቀን ልጨርስልሽ» ቢለኝ እምቢ ብዬ፣ የአባትሽን አሮጌ ትራክተር አስነስቼ መዝሪያውን ከኋላ ቀጠልኩ። በሕይወት ሳለ እኔ ስነዳ እሱ መዝሪያው ላይ ቆሞ የዘር ቱቦዎቹን ይጠብቅ ነበር። አንዱ ከተደፈነ «ቁሚ!» ብሎ ይጮህብኛል። ዘንድሮ ብቻዬን ስለነበርኩ መደፈኑን አላወቅሁም። ስንዴው ሲበቅል ለካ በየምልልሱ አንድ መስመር ባዶ ቀርቷል።

ቶርቫልድ ከአጥሩ ማዶ፣ «ለጉንዳኖች መንገድ ጠረግሽላቸው?» አለኝ። ከልቤ ሳቅሁ። ቀልዱን ለአባትሽ ልነግረው ቤት ስገባ ስሙን ጠራሁት። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አደራ፣ በደንብ ልበሺ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እሁድ እሁድ እኔ ምሳ ስበላ አንቺ ዘንድ የእራት ሰዓት ነውና ደውዪልኝ። ወሬ ባይኖርሽም ግድ የለም፤ ስልኩን ሳንዘጋ አብረን እንብላ።

እናትሽ ኦሪሲያ