አባባ በቅርጫቷ ያስቀመጡት

ይድረስ ለምወድህ ለወንድሜ ለህሩይ ወልደኢየሱስ፤

ሰላምታዬ ተራራውንም ባሕሩንም ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንደምን ነው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለፈው ስንደዋወል አፍንጫህ የታፈነ መስሎኝ ብጠይቅህ «ኔትወርኩ ነው» አልከኝ። አዝላ ያሳደገችህ እህትህ ጉንፋንና ኔትወርክ የማትለይ ይመስልሃል? ብርዱስ እንዴት ነው? ጾሙንስ ምን እየበላህ ይዘኸዋል? ስዊድን ውስጥ ሽሮ ይሸጣል ማለትህን እማዬ አላመነችም፤ ምን ዓይነት ሽሮ እንደሆነ እግዜር ይወቀው ብላ የራሷን አዘጋጅታ ልካልሃለች። የጎረቤታችን የእንኳየሁ ልጅ ቃልኪዳን ወደዚያው ስለምትመጣ ደብዳቤውንም፣ ሽሮውንም፣ አንዲት ፍላሽም ይዛልህ ትመጣለች። ፍላሿን ደብዳቤውን አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትከፍታት።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባም በርትተዋል። የጉሮሯቸው ቁስል ሽሯል፤ ድምፃቸው ግን ሐኪሞቹ እንደፈሩት ቀርቷል፤ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። የእኔን ሰፈር ፀዳን ገና አልለመዷትም። ጠዋት ተነሥተው በረንዳው ላይ ይቀመጡና ወደ ድብ ባሕር አቅጣጫ ያያሉ፤ ትተዋቸው የመጡት ተማሪዎቻቸው እዚያ ናቸውና። ዜማ ሲመሩ የኖሩ ሰው ዝም ብለው ሲውሉ ማየት እንዴት እንደሚከብድ አንተም ታውቀዋለህ። እማዬ እንኳ ከእሳቸው ጋር መጨቃጨቁን ትታዋለች፤ መልስ የማይሰጥ ሰው ምን ያጨቃጭቃል ትላለች።

ደግነቱ ላፕቶፕህን ትተህልን ሄደሃል። ከመሄድህ በፊት በነበረው ዐቢይ ጾም አባባን አስቀምጠህ ጾመ ድጓውን በስልክህ ስትቀዳ «ምን ያደርግልሃል?» ብለንህ ነበር። ዛሬ እኛ ቤት የአባባ ዜማ የሚሰማው ከዚያች ላፕቶፕ ብቻ ነው። ስለዚህ መክፈቱን አስተማርኳቸው። ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላው ማዛወርም ለመዱ። ተጭኖ መያዝ፣ ሳይለቁ መጎተት፣ ካሰቡበት ሲደርሱ መልቀቅ ነው ስላቸው «የተኛ ሕፃን ከአልጋ ወደ አልጋ ማሻገር በይኛ» አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሕፃኑን በየመንገዱ ይጥሉት ነበር። አንድ ቀን በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ መምህራን በተሰበሰቡበት፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ልከፍት ብዬ የአባባ ዜማ ቢሮውን ሞላው። ርዕሰ መምህሩ ብድግ ብለው አማተቡ። በኋላ ግን እጃቸው ተገራ፤ የሚፈልጉትን ከሚፈልጉት ቦታ ማድረስ ቻሉ። የሆነው ሁሉ የሆነው እንግዲህ ከቻሉ በኋላ ነው።

ላፕቶፑ ሰነፈ። ለመክፈት ብቻ አንድ ቁርስ ያስበላል። አንድ ማታ ራት ላይ «ነገ ታከለ ጋ ወስጄ ላስጠርገው ነው፤ የተበላሸውን፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ያወጣልናል» አልኩ። ታከለን ታስታውሰዋለህ፣ አዘዞ መንገድ ላይ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነውን። አባባ ጉርሻቸውን እንደያዙ አዩኝ። በማግሥቱ ላፕቶፑን ይዤ ልወጣ ስል መቋሚያቸውን አንሥተው ተከተሉኝ። «ምነው አባባ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል» ብላቸው አልሰሙኝም።

ታከለ ከፍቶ ሲያየው ቆየና «ሸጋ ነው፣ ብዙ አልተጎዳም። ይቺ ከጥግ ያለችው ቅርጫት ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ላራግፋት?» አለኝ። ቆሻሻ አይደል? አራግፋት አልኩት። ማሽኑ «ለዘላለም ሊጠፋ ነው፣ እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ታከለ እንደ ልማዱ ጥያቄውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ መቋሚያው ጠረጴዛውን ሲመታው የደነገጥኩት። ዞር ስል አባባ አፋቸውን ከፍተዋል፤ መጮህ ፈልገው ድምፅ የላቸውም። በአንድ እጃቸው መቋሚያውን፣ በሌላው የታከለን እጅ ከነማውዙ ጨብጠው ይዘውታል። ህሩይ ወንድሜ፣ አባታችን እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ያቺን ጥያቄ እዚያ ያኖራት ማን እንደሆነ አላውቅም። እንዳንተው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚነድፍ የሙያ ባልደረባህ ነውና ካገኘኸው እጁን ሳምልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ «ይጠረጋል» ስል ሰምተው ፈሩ። ማለዳ ሁላችንም ሳንነሣ ላፕቶፑን ከፈቱና አስተማማኝ ቦታ ፈለጉ። ፎልደሮቹ የተደረደሩ ናቸው፤ የሚጠርግ ሰው መጀመሪያ የሚገባው እነሱ ውስጥ ነው። ቅርጫቷ ግን ብቻዋን ከጥግ ተቀምጣለች። የእማዬ ሙዳይ የት ነው የሚቀመጠው? ከጥግ። ወርቋን፣ የመስቀሏን ክር፣ የእኛን የክርስትና ማተብ የምታኖረው የት ነው? ማን ደፍሮ ይከፍተዋል? አባባ ይህን አስበው ጎተቱና ከቅርጫቷ ውስጥ አኖሩ። እንዲያውም ባዶ የነበረችው ስትሞላ አይተው ተቀበለችኝ ብለው ደስ አላቸው።

ታከለ እየሳቀ የኔታ፣ ይቺ እኮ መጣያ ናት አላቸው። አባባ ግን አልተዋጠላቸውም። መጣያ ከሆነች ምነው ከቤት ውስጥ አስገባችኋት? ቆሻሻ የሚጣለው ከደጅ አይደለም ወይ? ደግሞስ የገባው ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ተጣለ ይባላል ወይስ ተቀመጠ? ብለው በዚያች ሹክሹክታቸው ጠየቁት። ታከለ ጭንቅላቱን አከከ። አንተም እከክ። «ጥሩ ንድፍ ማለት ሰው ሳይነገረው በዓይኑ አይቶ ሲገባው ነው» እያልክ እንጀራህን የምትበላበትን ሥራ ስታስረዳን ከርመሃል። አባባም በዓይናቸው አይተው ገባቸው፤ የገባቸው ግን በእኛ ቤት ልማድ ነው። እንግዲህ ስትነድፍ የማንን ዓይን ይዘህ እንደሆነ አስብበት። ይህን የምልህ ስለምኮራብህ እንጂ ልነቅፍህ አይደለም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቅርጫቷን ስንከፍታት የአባባ ጾመ ድጓ የለም። ያ ሁሉ ዜማ ከፎልደሩ ንቅንቅ አላለም። በቅርጫቷ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ስሙም «የተበላሸ» ይላል። እንዲህ ብለህ የጻፍክበት አንተው ነህ። ታከለ መልሶ ሲከፍተው እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆመን ሰማነው። አባባ ይመራሉ፣ አንተ እንደ ልጅነትህ ትቀበላለህ። ትስታለህ፤ ይመልሱሃል። ደግመህ ትስታለህ፤ ደግመው ይመልሱሃል። ከዚያ አንተ ሳቅህ ያመልጥህና «የኔታ ይማሩኝ» ስትል፣ አባባ ሲስቁ ይሰማል። እሳቸው በትምህርት ላይ ሲስቁ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ታከለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባባ ፋይሉ ይላክልህ አሉ፤ ፍላሿ እሷ ናት። ራሳቸው ናቸው የጎተቱት። ግን እዚህ ላይም የእናንተ ነገር አስቸገራቸው። በላፕቶፑ ውስጥ ሲጎትቱት ከነበረበት ተነሥቶ ይሄድ የነበረው፣ ወደ ፍላሿ ሲጎትቱት ከዚህም ሳይነሣ እዚያም ታየ። እጃቸው የሳተ መሰላቸውና ደግመው ጎተቱ፤ ማሽኑ «አንድ አለ፣ በዚህ ይተካ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ተቆጡ። ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ የፊተኛው አይጎድልም ስላቸው ነው የረጉት። «ከእኔ ዘንድ ሳይነሣ ከሄደማ ይሂድ» አሉ።

ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው። የራስዎን ዜማ ሁሉ ለመጥረጊያ ትተው ምነው ይቺን ብቻ ሸሸጉ? አልኳቸው። ስሟ የተበላሸ ስለሚል መጀመሪያ የምትጠረገው እሷ እንደሆነች አስበው ነበር። እሱ ይሁን፤ ግን ሌላው ሁሉ ቢጠፋስ? ስላቸው «የእኔንማ ተማሪዎቼ ይዘውታል። የህሩይን ድምፅ ማን ይዞልኛል?» አሉኝ።

አንተ ከቆሎ ትምህርቱ ወጥተህ ወደ ዘመናዊው ስትገባ አባባ ከልባቸው ያዘኑብህ ይመስልህ ነበር። ሲደውሉልህ ስለ ሥራህ የማይጠይቁህም ለዚያ ይመስልሃል። እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ለካ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ሳንነሣ በረንዳው ላይ ላፕቶፑን ከፍተው የሚሰሙት የራሳቸውን ዜማ አልነበረም። አንተን ሲሰሙ ነው የከረሙት። ይህን ሳታውቅ አንድ ቀን እንዳታድር ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ።

እማዬ አብዝታ ትስምሃለች፤ ሽሮውን ለፈረንጅ አታባክነው ትልሃለች። ባለቤቴ ሰውአገኝ ሰላም ብሎሃል፤ ከማክሰኝት ገበያ የገዛት ወተት አልባ ላም የቤቱ መሳለቂያ ሆናለች። ልጄ ሃና አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች፤ መልሱን ላንተ ትቼዋለሁ። እንኳየሁም ልጄን አደራ ብላሃለች። ታከለ ሳይቀር ሰላምታውን ልኳል። አባባ በረከታቸው ይድረስህ፤ አሁን ከአጠገቤ ተቀምጠው የምጽፈውን ያያሉ። ያቺን ያልያዝካትን ዜማ እንደገና ብለሃት ቀድተህ ላክላቸው፤ «ቢስትም ይሳት፤ ብቻ ይምጣልኝ» ብለዋል።

እህትህ ምስጢር ወልደኢየሱስ
ጎንደር፣ ፀዳ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.