የአባባ ክፍል ቀዳዳ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ሥራ ሲበዛ ዛሬም ይነሳብሃል? ስለ ምግብህ አልጠይቅህም፤ «በልቻለሁ» ብለህ እንደምትዋሸኝ አውቃለሁ። እኛ አይጡን ካልቆጠርን ሁላችንም ደህና ነን። አባባ እግራቸው እንዳለ ነው፣ ከአልጋቸው ብዙም አይርቁም። ልጄ መዳህ ጀምራለች፤ ያገኘችው ሁሉ ወደ አፏ ነው።

አዝመራው ሲታጨድ የማሳው አይጥ ጓዙን ጠቅልሎ እኛ ቤት ገባ። ታውቀው የለ፣ የኋላ ግድግዳችንን ከእርሻው የሚለየው ያ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ዱቄቱን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ከተትኩ፣ ግድግዳው ሥር የተከመረውን እንጨት አነሳሁ። አንድ ጠዋት ግን የልጄን ብርድ ልብስ ስገልጥ ጠርዙ ተቀርጥፏል፣ ትራሷ ሥር የአይጥ ኩስ ተበትኗል። ጣቷን ቢነክሳትስ?

የተባይ መድኃኒት የሚረጨውን ሰውዬ አስጠራሁ። የምትድህ ልጅ ባለችበት ቤት መርዝ አይሆንም፣ መግቢያውን መድፈን ነው የሚሻለው አለኝ። ቀዳዳውን ሁሉ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ ለሰነው። በማግስቱ ሌላው ሁሉ እንደተደፈነ ነው፣ አባባ ክፍል ያለው ብቻ ተከፍቷል። ደገመው። ያም ተከፈተ። እኔም ይሄ ሰውዬ ደንበኛ እንዳይጠፋበት ራሱ እየከፈተ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩት፣ ፊት ለፊትም ነገርኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ማለ። ባለቤቴንም አልማርኩትም፤ እሱማ «ቀጥሎ እኔን ልታስረጪኝ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

በኋላ የአባባን ክፍል ስጠርግ ሽቦው ተጣጥፎ ፍራሻቸው ሥር አገኘሁት። አይጥ ሽቦ አጣጥፎ አያስቀምጥም። የሻይ ማንኪያቸውን ባየው ጫፉ ሲሚንቶ ነክቶታል።

ስጠይቃቸው አየር እንዲገባ ነው አሉ። የተቀረጠፈውን ብርድ ልብስ አምጥቼ ጭናቸው ላይ ሳስቀምጠው ግን እየዳበሱት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ እውነቱን አወጡት። ቀዳዳው ልክ ትራሳቸው አጠገብ ነው፣ በእሱ የማሳው መንገድ ይታያል። መስኮታቸው የሚያሳየው የጎረቤት ግንብ ብቻ ነው። ከአጨዳው በኋላ እመጣለሁ ብለኻቸዋል፤ በዚያ መንገድ ብቅ ስትል ቀድመው ሊያዩህ ነው። ለእኔ እንዳይነግሩ አደራ ያልካቸው እኔን ድንገት ለማስደሰት ነው አሉኝ። እንዲህ ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

ስልክ ላይ እየተንሾካሾካችሁ የምታወሩት ለካ ይሄን ነው። ወንድሜ አትቀየመኝ፣ አሁን የምጠረጥረው አንተን ነው። እውነት ልትመጣ ነው ወይስ እሳቸውን ለማባበል ያልከው ነው? አምናም «ዝናቡ ሲያቆም» ብለህ ነበር። እኔ ረስቼው ነበር፣ እሳቸው ግን አልረሱትም።

ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ቀዳዳው ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት መታበት፤ አይጥ አያስገባም፣ መንገዱን ያሳያል። ልጄ አሁን በሰላም ትተኛለች። አባባ ግን ሰው ባለፈ ቁጥር ግንባራቸውን ወንፊቱ ላይ ይለጥፋሉ። የምትመጣ ከሆነ ቀኑን ቁረጥና ንገረን። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ እኔ አልነግራቸውም፣ ሆዴ አይችልም። ራስህ ደውለህ ንገራቸው፤ የዚያን ቀን በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ።

ባለቤቴ ናፍቀኸዋል፣ ጫማ ሲገዛ ቁጥሬን እንዳይረሳ በይልኝ ብሏል። ልጄ ይሄን ወረቀት ልትበላው ስትታገለኝ ነበር፤ ጫፉ የረጠበው በእሷ ነው፣ እንደ ሰላምታ ቁጠርላት። አባባን «ለወንድሜ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልዎ?» ብላቸው ፊታቸውን ከወንፊቱ ሳይመልሱ፣ «ምን ያስጽፋል፣ ሲመጣ በአፌ እነግረው የለ» አሉኝ።

እህትህ
ከእርሻው ዳር ካለው ቤታችን፣
አጨዳው ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ