እናቶቹን ይዤ ሰሃራ

ሰኞ፣ ፌዝ

ማንም አልጠፋብኝም፣ አልሐምዱሊላህ! የሞሮኮ መንገድ ይሄን ያህል ይጠማዘዛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስድስቱን የኦክላንድ እናቶች ይዤ አሮጌው ከተማ ገባሁ፣ ስድስቱንም ይዤ ወጣሁ። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ኒውአርክ ያለውን የመጋዘን ሥራ ትቼ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ጉዞዬ ነው። ሌሎቹ አይከብዱም፤ የሚያስጨንቁኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። የመስጊዳችን ሴቶች ያለሳቸው ምክር ጫማ እንኳ አይገዙም። እሳቸው "አይረባም" ካሉ ሁለተኛ ጉዞ የለም፤ ወደ ካርቶን ማሸጌ ልመለስ ነው። ዛሬ ቆዳ የሚለፋበትን ስፍራ ሳሳያቸው አፍንጫቸውን በሻሻቸው ይዘው፣ "ለዚህ ሽታ ነው ያን ሁሉ ያስበረርሽኝ?" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ በረሃ

ቀኑን ሙሉ መኪና። ወገቤ አለቀ። እትዬን ሁለቴ አስመለሳቸው።

የምናድርበት ድንኳን ያምራል። እራት ላይ ግን ጉድ ፈላ! የድንኳኖቹ ባለቤት ኢድሪስ፣ ኩስኩስ የሚሉትን የስንዴ ምግባቸውን በበግ ሥጋ አቀረበ። እናቶቼ እንደ ወሎ ወግ፣ "ጠግበናል፣ አላህ ይስጥልን" አሉ። ሳይለመን የሚበላ እንግዳ የት አለ? እኔም ታላላቆቼ ሳይጀምሩ እጄን አልሰድ፣ "ኖ ቴንክ ዩ" አልኩ። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳህኑን አነሳ! እናቶቼ ተያዩ። የእትዬ ሆድ ሲጮህ ሁላችንም ሰማን።

ተከትዬው ሮጬ አስረዳሁት። ሳቀ። "እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ግን አሜሪካኖች አልፈልግም ሲሉ ብለምናቸው ይቆጡኛል። እናንተም ከካሊፎርኒያ ነን ስትሉኝ ፈራኋችሁ" አለኝ። ተመልሶ ገብቶ፣ "ወላሂ፣ ሳትበሉ አትነሱም!" ብሎ ማለ። እትዬ ወዲያው እጃቸውን ታጠቡ። "እሰይ፣ አሁን ገና ሰው ቤት መጣን!" አሉ። ሳህኑ ተጠረገ።

ረቡዕ

ግመል። እትዬ "በዚህ ጉልበቴ? አብደሻል?" ካሉ በኋላ ከሁሉም ቀድመው ወጡ። ሳን ሆዜ ያለችው ልጃቸው በቫይበር አይታቸው "ማም! ጌት ዳውን!" እያለች ትጮሃለች። "ዞር በይ፣ አሁን ቢዚ ነኝ" ብለው ዘጉባት። አሸዋው ጫፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔ አለቀስኩ። ጉዞው ይረባል አይረባም ግን እስካሁን አላሉም። ጭንቅ ነው።

እሑድ፣ ኦክላንድ

እንቅልፍ እያዳፋኝ መስጊድ ሄድኩ። እትዬን ሴቶቹ ከበዋቸዋል። "መንገዱ ያዞራል። ግመሉ ይቆረቁራል። ፌዝማ ይከረፋል!" ሲሉ ሰማኋቸው። አለቀልኝ፣ ካርቶኑ ጠራኝ አልኩ።

እትዬ አዩኝና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አንቺ ልጅ፣ ለሚቀጥለው የፊት ወንበሩን ለኔ ሪዘርቭ አድርጊልኝ። እነዚህ ተሽቀዳድመው እንዳይቀሙኝ!"

ሴቶቹ ሁሉ ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሬን ሰጥቼ ሰጥቼ ምላሴ ደረቀ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ብቻዬን እልል አልኩ። ወዴት እንደምወስዳቸው ገና አላውቅም።