በረግረጉ በር ላይ ስለሰቀሉት ምልክት

ለክቡር ሚስተር ሌይተን ማዶክ፣
የባህር ዳርቻ መንገዶችና የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የማይቋረጥ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ስለ እንቅልፍዎ እንኳ ብዙም የምሰጋ አይደለሁም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን አንድ ወሬ ላርም። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልገዛ ሱቅ ብገባ፣ ባለሱቋ ሎውሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ኔስታ፣ በብስክሌቶቹ መንገድ ላይ ሚስማር የበተኑት እርስዎ ነዎት እየተባለ ነው። እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነት አይደለም። ሚስማር በከንቱ የሚበተን ነገር እንዳልሆነ በልጅነቴ ተምሬአለሁ። ከዚህም ሌላ እኔ ራሴ ጉልበቴ እምቢ እስካለኝ ቀን ድረስ በዚሁ መንገድ በብስክሌት ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጠጠሩ የት ላይ እንደሚንሸራተትና ነፋሱ ከየትኛው አጥር በኋላ ፊት እንደሚመታ ከካርታዎ ይልቅ እኔ ልነግርዎ እችላለሁ። ስለዚህ በብስክሌተኞች ላይ ቅሬታ የለኝም። ያሉኝን ቅሬታዎች ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጬልዎታለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ረዘም ያለ ነገር ማንበብ እንደሚያደክመው ከምልክቶቹ ተረድቻለሁና።

አንደኛ። ስለ መንገዱ ስያሜ ምስጋናዬን ይቀበሉ። አባቴም አያቴም «የረግረጉ መንገድ» እያሉ በጎቻቸውን የነዱበትን ጠባብ የጠጠር መንገድ፣ እርስዎ «የባህር እስትንፋስ» ብለው ሰይመውታል። በበራሪ ወረቀትዎም ላይ «የሰው እጅ ያልነካው ዳርቻ» የሚል ተጽፎ አንብቤአለሁ። ጠጠሩን ማን እንዳለበሰው፣ የድንጋይ አጥሩን ማን እንደካበው፣ በክረምት ማዕበል የፈረሰውን ማን እንደሚጠግነው ወረቀቱ አይናገርም። ጎረቤቴ ኢድዋል ይህን ባነበብኩለት ጊዜ ሁለት እጆቹን አገላብጦ አያቸውና፣ «እንግዲህ እነዚህ የሰው አይደሉም ማለት ነው» አለ። ያን ጊዜ ገና ይቀልድ ነበር።

ሁለተኛ። ስለ በሩ። መንገዱ ወደ ባህሩ በሚታጠፍበት ቦታ የእንጨት በር አለ። ከበሩ ወዲያ የኢድዋልና የልጁ የካሪስ በጎች የሚግጡበት ጨዋማ ረግረግ ነው። በአብዛኛው ቀን ባህሩ እዚያ አይደርስም፤ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሰሞን ግን ሙላቱ ከፍ ይልና ረግረጉ ከነሣሩ ይሰወራል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ በሰማያዊ ሲባጎ ከአጥሩ ጋር ይታሰራል። በጎቹን የሚነዳቸው የለም። ውሃው በቦዮቹ ውስጥ መሳብ ሲጀምር መሪዋ በግ ከግጦሿ ቀና ትላለች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት በራሳቸው እግር በሩን አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህን ከእናቶቻቸው ተምረውታል፤ ጽሕፈት ቤትዎን ሳያስፈቅዱ። ለምን እየነዳችሁ አታወጧቸውም ይሉ እንደሆነ፣ በቦይ በተቆራረጠ ረግረግ ላይ ከሙላት ጋር እየተሽቀዳደመ በግ የሚነዳ ሰው ከነውሻው ሊቀር እንደሚችል በትሕትና አስረዳለሁ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ፊደል ሳይለይ የሚማረው ደንብ አለ፤ የአጥር በር እንደተገኘ ይተዋል። ተዘግቶ ያገኘው ሰው ይዘጋዋል፤ ተከፍቶ ያገኘው ሰው አይነካውም። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ሠራተኛ ልኮ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ በብሎን አሳሰረበት፤ «ውድ ብስክሌተኛ፣ ገጠሩን ያክብሩ። በሩን ሁልጊዜ ይዝጉ» ይላል። ወጥቼ ስለ ሙላቱና ስለ ሲባጎው ለሠራተኛው ነገርኩት። ጨዋ ሰው ነበር። «እማማ፣ ሙሉው ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ አልገባ ብሎ ነው ያሳጠሩት። እኔ ምን ላድርግ? የሰጡኝን ነው የምሰቅለው» አለኝ። አንድ ስንዝር ጣውላ ስለቆጠቡልን የግብር ከፋዩን ምስጋና አቀርብልዎታለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ባለፈው ወር ሙላት። በዚያ ቀን በጓሮዬ ሽንኩርት ስነቅል አንድ ወጣት ብስክሌተኛ ከአጥሬ ደጃፍ ቆመ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ፊቱ ግን ደስታ ብቻ ነበር። «እማማ፣ ታች ያለው በር ተከፍቶ በገመድ ታስሮ አገኘሁት! ሰው ረስቶት መሆን አለበት። እኔ ፈትቼ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ፣ አያስቡ!» አለኝ። «ልጄ፣ ተመለስ! ክፈተው፣ ዛሬ ሙላት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ነገር ግን ጆሮው ላይ ያን የሙዚቃ ነገር መልሶ ሰክቶ ኖሮ፣ በፈገግታ እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ። በልጁ አልፈርድም። እርስዎ ያዘዙትን ሁሉ ፈጽሟል፤ የታዘዘውን በደስታ የሚፈጽም ወጣት ደግሞ በዘመናችን ብዙ አይደለም።

ገብቼ ለካሪስ ደወልኩ። ካሪስ የኢድዋል አንድ ልጁ ናት፤ ካርዲፍ ከተማ የነበራትን ሥራ ትታ መንጋውን ልትረከብ የመጣች። እሷ በሩጫ፣ አባቷ ከኋላዋ፣ እኔ በምርኩዜ ወረድን። በጎቹ እንደ ልማዳቸው በሰዓታቸው መጥተው ነበር። ሁሉም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በሩ ላይ ተደራርበዋል። በሩ የሚከፈተው ወደ እነሱ በኩል ስለሆነ፣ በገፉት መጠን ይበልጥ ይዘጋባቸዋል። ካሪስ በላዩ ተንጠልጥላ ዘለለችና መካከላቸው ገባች፤ ውሃው ወገቧ ላይ ነበር። አንድ በአንድ በጸጉራቸው እያነሳች ወደ ወዲህ ትገፋለች፤ ኢድዋል ይቀበላል። «አባዬ፣ ያዛት! ሌላዋን ተዋት፣ ሞታለች! ይቺን ያዛት!» ስትል ድምጿ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

አሥራ ሰባት እናት በጎች ሞቱ። መሪዋ ከሁሉ ቀድማ ስለደረሰች ከሥር የተረገጠችው እሷ ናት። በግ ይገዛል፤ ይህን ረግረግ የምታውቅ በግ ግን በየትኛውም ገበያ አትገኝም። ካሪስ ማታ ልብሷን ሳትቀይር ከምድጃዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ «እትዬ ኔስታ፣ አንዴ ተዘግቶ ያገኙትን በር ሁለተኛ ካመኑት ይገርመኛል። በሚቀጥለው ሙላት በራሳቸው ከመጡ መጡ። ካልመጡ ግን ሸጬአቸው እመለሳለሁ፤ በየወሩ ሲሰጥሙ መቁጠር አልችልም» አለችኝ። ኢድዋል ሁለት እጆቹን አገላብጦ ያያቸው ነበር።

የሚቀጥለው ሙላት ነገ ነው፣ ክቡር ሆይ።

አራተኛ። ስለ መልስዎ። ይህንኑ ሁሉ በጥንቃቄ ጽፌልዎ ነበር፤ እርስዎም በሚያምር ወረቀት መለሱልኝ። ለገጠሩ ስላሳየሁት ፍላጎት አመስግነው፣ ጉዳዩ በክረምቱ ስብሰባ እንደሚታይ፣ እስከዚያው ግን ምልክቱን መንካት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ገለጹልኝ። ካሪስ ሰሌዳውን በጆንያ ሸፍናው በነበረ ጊዜም፣ ሰው ልከው ጆንያውን አስነሥተው፣ ይህ ከተደገመ በረግረጉ የማስገጥ ፈቃዷ ሊሰረዝ እንደሚችል በጽሑፍ አስጠንቅቀዋታል። ለበር የማይሠራ ፍጥነት ለጆንያ መሥራቱን አድንቄአለሁ።

ከመልስዎ ጋር አዲሱን በራሪ ወረቀት አባሪ ስላደረጉልኝም አመሰግናለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ በእውነት ያምራል። ከበስተኋላ ባህሩ ያበራል፤ በጎቹ በአንድ መስመር ወደ መንገዱ እየወጡ ናቸው፤ መሪዋም ከፊት ናት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ በሰማያዊ ሲባጎ ታስሯል። ከሥሩ «የገጠሩን ውበት ይመልከቱ» የሚል ጽፈዋል። እርስዎ ራስዎ ተመልክተውት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረኝ።

አምስተኛ ቅሬታ የለኝም። አራቱ ካልበቁ አምስተኛው አይረዳም።

ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ይህ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ ብቻውን እንዳይሰነብት፣ ግልባጩን በሎውሪ ሱቅ መስኮት፣ በጸሎት ቤቱ በርና በአውቶቡስ መቆሚያው ለጥፌአለሁ። ወንበርዎ የተደላደለ፣ ጫማዎ ዘወትር ደረቅ፣ ስብሰባዎችዎም ያለ እንቅፋት የሚፈጸሙ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ያልተጠየቀ ምክር በመስጠት ለረጅም ዘመን የኖርኩት

አክባሪዎ
ኔስታ ፕሮበርት፣
ከላንሞርቫ

ማስታወሻ፦ ካሪስ ፈቃዷን ማጣት ትፈራለች፤ እኔ የሚሰረዝብኝ ፈቃድ የለኝም። ፖሊስም ፍለጋ እንዳይደክም፣ ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት የማደርገውን በተራ ልጻፍ። የጎማ ጫማዬን አጠልቃለሁ። ካቻቪቴዬን በኮቴ ኪስ እከታለሁ። ወርጄ ምልክትዎን ከበሩ ላይ እፈታለሁ፤ ሰሌዳውንና ብሎኖቹን የእርስዎ ንብረት ስለሆኑ በደንብ ጠርጌ ለፖስታ አዘጋጃለሁ። በሩን እስከ መጨረሻው እከፍትና አስረዋለሁ። በጎቹን እንዳላስደነግጥ ወንበሬን ከአጥሩ ጀርባ አኖራለሁ። በዚያ ለሚያልፍ ብስክሌተኛ ሁሉ እንደምን አደርክ እላለሁ፤ ሲባጎውን ሊነካ የሚሞክር ካለ ደግሞ ሻይ አጠጣዋለሁ፣ ጊዜ ወስጄም አስረዳዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ውሃውን እጠብቃለሁ።